መኪናዬ ምርመራ ሁለት ጊዜ የወደቀችው ለምን ነበር?

ያገለገለች ትንሽ ኤስዩቪ ገዝታችሁ የተሽከርካሪ ምርመራው ቀን ካስጨነቃችሁ፣ ወይም ልትገዙ እያሰባችሁ ከሆነ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። የኔዋ ሁለት ጊዜ ወድቃ በሦስተኛው አለፈች። ሦስት ወር ገደማ ፈጀብኝ። ያለ አግባብ የወጣው ገንዘብም ቀላል አልነበረም። እስከ ዛሬ የሚያስደነግጠኝ ግን ገንዘቡ አይደለም። ልጆቼን ከኋላ ጭኜ በየቀኑ የምነዳት መኪና፣ ፍሬኗ በአንድ ጎን ደህና ሲይዝ በሌላው ጎን ከግማሽ ትንሽ በሚበልጥ ኃይል ብቻ ነበር የሚይዘው። እኔ ደግሞ ምንም አላወቅሁም።

ስገዛት 11 ዓመቷ ነበር። በቤንዚን የምትሠራ፣ በአራቱም ጎማ የምትጎትት። ቀለሟ ያበራል፣ ወንበሮቿ ንጹህ ናቸው፣ ሞተሯ ቁልፍ እንደዞረ ይነሳል። ሻጩ "ባለፈው ዓመት ያለምንም ችግር ምርመራ አልፋለች" ብሎ ወረቀቱን አሳየኝ። ወረቀቱ እውነተኛ ነበር። ግን የምርመራ ወረቀት የሚመሰክረው ስለዚያች ዕለት ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደች፣ በምን ዓይነት መንገድ እንደተነዳች አይነግራችሁም። ጎንበስ ብዬ ከሥሯም አይቻለሁ። አዲስ ጥቁር ቅባት ተቀብታ ነበር። "እንዴት ያለ ጠንቃቃ ሰው ነው!" ብዬ ልቤ አረፈ። ወደዚያ ቅባት ኋላ እመለስበታለሁ።

ለመጀመሪያው ምርመራ የተዘጋጀሁት መኪናዋን በማሳጠብ ነው። ሌላ ምንም አላየሁም። ብዙም ሳይቆይ ስድስት ነገር የተጻፈበት ወረቀት ተሰጠኝ። የፊት ፍሬን ግራና ቀኙ አይመጣጠንም። የኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ሥርዓት) መብራት ዳሽቦርዱ ላይ በርቷል። የፊት መብራቱ ጨረር የተበተነ ነው። የፊት ቀኝ ጎማ አልቋል። የፊት ጎማውን ከመኪናዋ አካል ጋር የሚያያይዘው የታችኛው ክንድ ቡሽ፣ ማለትም መገጣጠሚያው ላይ ያለው ላስቲክ፣ ተቀዷል። የቀኝ ስቶፕ መብራት አይበራም።

በጣም ያንገበገበኝ ስቶፕ መብራቱ ነው። አንዲት አምፖል! ከቤት ሳልወጣ ሁለት ደቂቃ ብሰጠው ኖሮ አይጻፍብኝም ነበር። እባካችሁ ከምርመራው ቀደም ብላችሁ፣ አንድ ሰው መሪው ላይ ተቀምጦ ሌላው መኪናዋን ይዙራት። አጭር መብራት፣ ረጅም መብራት፣ አራቱም ፍሬቻ፣ ፍሬን ሲረገጥ የሚበሩት ሦስቱም፣ የኋላ ማርሽ፣ የታርጋ መብራት። ብቻችሁን ከሆናችሁ ማታ የመኪናዋን ጀርባ ወደ ግድግዳ አስጠግታችሁ ፍሬን ርገጡና በስፖኪዮ ተመልከቱ። የቀላው ብርሃን በሁለቱም ጎን እኩል መሆን አለበት። የዝናብ መጥረጊያው ውኃውን ጠርጎ ያነሳል ወይስ መስመር ይተዋል? ክላክሱ ይሰማል? ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ስባችሁ አውጡት። ብዙ ጊዜ የሚተለተለው ውስጥ ተጠቅልሎ የሚቀመጠው ክፍል ነው። በድንገት ጠበቅ አድርጋችሁ ስትስቡትም መቆለፍ አለበት። የመስታወት ስንጥቅም ሾፌሩ ፊት ለፊት ከሆነ ትንሽም ቢሆን ሊጥል ይችላል።

አሁን ወደ ትልቁ ስህተቴ ልምጣ። ወረቀቱን ይዤ አንድ መካኒክ ጋ ሄድኩና "የተጻፈውን ሁሉ ቀይርልኝ" አልኩት። እንዳልኩትም አደረገ። የፊት ፍሬን ሸራና ዲስክ ቀየረ። የጎማውን ፍጥነት የሚያነበውን የኤቢኤስ ሴንሰር ቀየረ። ክንዱን ከነቡሹ ቀየረ። ሁለት ጎማ ገዛሁ። ለፊት መብራቱ ነጭ የሚያበራ ኤልኢዲ አምፖል ተገጠመ። ደስ ብሎኝ ተመለስኩ።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? የምርመራ ወረቀት የሚጽፈው ምልክቱን ነው። "ፍሬኑ አይመጣጠንም" ይላል፣ ለምን እንደማይመጣጠን ግን አይልም። ያንን የሚያገኘው የሚፈታና የሚለካ ሰው ነው። እኔ መካኒኩን "ለምን?" ብዬ አልጠየቅሁትም። ዕቃ ብቻ አዘዝኩት።

በሁለተኛው ቀጠሮ ጠዋት የኤቢኤስ መብራቱ እንደገና በራ። መካኒኩ ኮምፒውተር አስሮ የተመዘገበውን የብልሽት ኮድ አጠፋውና "አሁን ሂጂ፣ እስክትጨርሺ አይበራም" አለኝ። መንገድ ላይ በራ። ይህን አታድርጉ። ኮድ ማጥፋት ጥገና አይደለም። የጭስ ምርመራው ከመኪናው ኮምፒውተር ጋር በሚገናኝባቸው ቦታዎች ደግሞ ሌላ ጣጣ ያመጣል። የሞተር ኮድ ሲጠፋ ወይም ባትሪ ሲነቀል ኮምፒውተሩ ራሱን የሚፈትሽባቸው ሙከራዎች ከዜሮ ይጀምራሉ። እነሱ እስኪጠናቀቁ በከተማም በረጅም መንገድም ጥቂት ቀን መነዳት አለባት። ካልተጠናቀቁ፣ የሞተሩ መብራት ባይበራም "ዝግጁ አይደለችም" ተብላችሁ ትመለሳላችሁ።

ፍሬኑም እንደገና ወደቀ። በአዲስ ሸራና በአዲስ ዲስክ! እንባዬ መጣ። መርማሪው በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው ነበሩ። ፊቴን አይተው ይሁን አላውቅም፣ "ነይ ልጄ፣ ከሥር ልታይው ይገባል" ብለው ወደ ጉድጓዱ ይዘውኝ ወረዱ። ከዚያች ቀን በፊት የመኪናዬን ሆድ በቅጡ አይቼው አላውቅም ነበር።

መጀመሪያ ባትሪያቸውን ወደ ፊት ቀኝ ጎማ አበሩ። ፍሬኑን ከሻንሲው ጋር የሚያገናኘው የጎማ ቱቦ ላዩ ተሰነጣጥቋል፣ አንድ ቦታ ላይ አብጧል።

"ሸራው አዲስ ነው" አሉኝ። "ዘይቱ ግን በዚህ ቱቦ እንደ ልቡ አያልፍም። ሸራ ብቻውን ምን ያደርጋል?"

ቀጥለው ወደ ኋላ ሄዱና ያንን ያደነቅሁትን ጥቁር ቅባት በትንሽ መዶሻ መታ መታ አደረጉት። ቅባቱ ከነዝገቱ እንደ ቅርፊት ረገፈ። የኋላው ክንድ ከሚታሰርበት ቦታ አጠገብ ብረቱ ተበልቶ ሳስቷል። ከነዳጅ ታንከሩ በላይ የሚያልፈው የፍሬን ብረት ቱቦም በዝገት ተወርሯል። በመጀመሪያው ምርመራ ቅባቱ ሸፍኖት አልታየም ነበር።

"ልጆች ትጭኛለሽ?" አሉኝ። አዎ አልኳቸው። "እንግዲያው ወደ ቤት አትንጃት። አስጎትቻት።"

አስጎተትኳት። ያ ምክር ለኔ የሁሉም ነገር መዞሪያ ነው። በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የምርመራ መመሪያ ጉድለቶችን ቀላል፣ ከባድና አደገኛ ብሎ በሦስት ይከፍላቸዋል። በየትም አገር ብትሆኑ መርማሪው የጻፈላችሁ ነገር ከሦስቱ የትኛው እንደሚሆን ጠይቁት። እንዲያሳያችሁም ለምኑት። ብዙዎቹ በደስታ ያሳያሉ፤ እኛ ነን ወረቀቱን ተቀብለን የምንሮጠው።

ሁለተኛውን መካኒክ ስመርጥ ጥያቄዬን ቀየርኩ። "ምን ልቀይር?" ማለት ትቼ "ለምን እንደሆነ ፈልግልኝና ከመቀየርህ በፊት ደውልልኝ" አልኩት። ወጣት ልጅ ነው፣ ግን ይለካል። ፍሬኑን ፈትቶ ሁለት ምክንያት አገኘ። አንደኛው ቱቦው ነው። የፍሬን የጎማ ቱቦ ሲያረጅ ውስጡ ያብጥና መንገዱን ይዘጋል። ስትረግጡ ዘይቱ እየተገፋ በዝግታ ያልፋል፣ ስትለቁ ደግሞ ቶሎ አይመለስም። ስለዚህ ያ ጎማ ዘግይቶ ይይዛል፣ ከለቀቃችሁ በኋላም ትንሽ እንደያዘ ይቆያል። ሁለተኛው ሸራዎቹን ዲስኩ ላይ የሚጨምቀው ዕቃ፣ ካሊፐሩ፣ ወዲያ ወዲህ የሚንሸራተትባቸው ፒኖች ናቸው። ደርቀውና ዝገው ተጣብቀዋል። ሸራው አዲስ ቢሆንም አንዱ ብቻ ዲስኩን ሲነካ ሌላው በሩቁ ይቀራል።

የምርመራው ወረቀት ላይ ቁጥሩ ሁሉ ተጽፎ ነበር፤ ማንበብ አልቻልኩበትም እንጂ። መኪናዋ ጎማ እያሽከረከረ በሚለካው ማሽን፣ ሮለር ላይ ስትቆም የየጎማው የፍሬን ኃይል ለየብቻው ይለካል። የኔዋ ግራ 2.2 ኪሎኒውተን፣ ቀኝ 1.3። ልዩነቱን ለትልቁ አካፍሉት፣ 41 በመቶ ይመጣል። ብዙ ቦታ በአንድ አክስል (በግራና ቀኝ ጥንድ ጎማ) ላይ ከ30 በመቶ በላይ ልዩነት ከተገኘ መኪናው ይወድቃል። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች መካኒካችሁ ፊት አስቀምጡለት። ከየትኛውም ገለጻ ይበልጣሉ።

ያለ ማሽንም የሚታወቅ ነገር አለ። ፍሬን ስትይዙ መሪው ወደ አንድ ወገን ይስባል። ረጅም መንገድ ሄዳችሁ ስትቆሙ አንዱ ጎማ ከሌሎቹ ይልቅ ይግላል፣ የተቃጠለ ሽታም ይኖረዋል። እጃችሁን ዲስኩ ላይ እንዳታሳርፉ፤ ቸርኬው አጠገብ በማስጠጋት ብቻ ሙቀቱ ይታወቃል። እኔ መሪው ሲስብ "መንገዱ ዘንበል ስላለ ነው" እያልኩ ወራት አሳልፌያለሁ።

ዘይቱንም አስቀየርነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት ዓይነት አዲስ ሲሆን ከ230 ዲግሪ በታች አይፈላም። እርጥበት ሲጠጣ ግን ይህ ቁጥር ወደ 155 ሊወርድ ይችላል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ሲግል ዘይቱ ይፈላና ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። በየሁለት ዓመቱ ማስቀየር ጥሩ ነው።

ስለ እጅ ፍሬኑም ልንገራችሁ። ብዙ ትንንሽ ኤስዩቪዎች ላይ የኋላው ዲስክ መሃል ውስጥ ትንሽ ታምቡር አለ፤ የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው እዚያ ነው። አውቶማቲክ የሚነዳ ሰው መኪናውን "ፒ" ላይ እያስገባ ስለሚተወው የእጅ ፍሬኑ ሳይነካ ይከርማል፣ ይዝጋል፣ ምርመራ ላይ አልይዝም ይላል። በየቀኑ ተጠቀሙበት፣ ይኸው ነው። ሌላው፣ መኪናችሁ ሁልጊዜ በአራቱም ጎማ የምትጎትት ከሆነ ሮለር ላይ ሳትወጣ በፊት ለመርማሪው ንገሩት። አንዳንዶቹ በተለመደው ሮለር ከተፈተኑ የኃይል ማስተላለፊያቸው ሊጎዳ ይችላል። ለነሱ ሌላ መለኪያ አለ።

የኤቢኤስ መብራቱ ነገር ያናድዳል። አዲሱ ሴንሰር ምንም ችግር አልነበረበትም። አሮጌውም የነበረበት አይመስለኝም። ወጣቱ መካኒክ ኮምፒውተር አስሮ በዝግታ እየነዳን የአራቱን ጎማ ፍጥነት ጎን ለጎን አሳየኝ። ሦስቱ እኩል ይጨምራሉ። የኋላ ግራው ብድግ ይልና ወደ ዜሮ ይወርዳል። ሴንሰሩ የሚያነበው ቀለበት ከኩሽኔቱ ጋር አብሮ የተሠራ ነው፣ እሱ ዝጎ ኖሯል። ኩሽኔቱ ሲቀየር መብራቱ ጠፋ፤ እስካሁንም አልተመለሰም። የመጀመሪያው መካኒክ የቀየረው የፊቱን ሴንሰር ነበር! የኤቢኤስ መብራት ከበራባችሁ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን የአራት ጎማ ንጽጽር ጠይቁ።

እግረ መንገዴን፣ መኪና ስትገዙ ቁልፉን አዙሩና ሞተር ሳታስነሱ ዳሽቦርዱን ተመልከቱ። የኤቢኤስ፣ የኤርባግ፣ የሞተር መብራቶች መጀመሪያ መብራት፣ ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ደግሞ መጥፋት አለባቸው። ከነጭራሹ የማይበራ ካለ ተጠራጠሩ፤ ሰው ሆን ብሎ አጥፍቶት ሊሆን ይችላል። መርማሪዎችም ይህን ያያሉ። የኤርባግ መብራት ከበራ ደግሞ መጀመሪያ ከፊት ወንበሮች ሥር ያለውን ቢጫ ሶኬት አስፈትሹ። ወንበር ሲገፋ ወይም ዕቃ ሲወሸቅ ይላላል። ከኤርባግ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ራሳችሁ አትጎርጉሩት።

የፊት መብራቱን ያበላሸሁት ራሴ ነኝ። መጀመሪያ የጣለን ቢጫ የሆነው ፕላስቲክ ሽፋን ነበር። ፀሐይ ሲመታው ይደፈርሳል፣ ብርሃኑንም ይበትናል። እኔ ግን ብርሃን የጠፋ መስሎኝ ኤልኢዲ አስገጠምኩ። ለሃሎጅን የተሠራ መብራት ውስጡ ያለው አንጸባራቂ የአምፖሉ ክር የት እንደሚቀመጥ ታስቦ የተቀረጸ ነው። ኤልኢዲው ብርሃኑን የሚያወጣው ከሌላ ቦታና ከሌላ ቅርጽ ነው። ለኔ የደመቀ ይመስለኛል፣ ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ግን ዓይኑን አጠፋዋለሁ። በምርመራም ጨረሩ ላይ መታየት ያለበት፣ ብርሃኑ ከላይ የሚያበቃበት ጥርት ያለ ቁርጥ መስመር አይገኝም። ሃሎጅኑን መልሰን ሽፋኑን አስወለወልን። ከተወለወለ በኋላ ፀሐይ የሚከላከል ቅብ ካልተደረገለት ግን በወራት ውስጥ ይመለሳል፤ ይህን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ጨረሩ የሚስተካከለውም የጎማው ንፋስ ልክ ሆኖ፣ ከኋላ የተጫነው ከባድ ዕቃ ከወረደ በኋላ ነው።

ጎማና ቡሽ አንድ ላይ የሚሄዱ ነገሮች ናቸው። የኔ ጎማ ከውጭ በኩል ደህና ይመስላል። ያለቀው ከውስጥ ነው። መሪውን እስከ መጨረሻ አዙሩና የውስጡን ጠርዝ በዓይናችሁ እዩ፣ በእጃችሁም ዳስሱ። ብዙ አገር ዝቅተኛው የጥርስ ጥልቀት 1.6 ሚሊ ሜትር ነው። በጥርሶቹ መሃል ያሉት ትንንሽ ጉብታዎች ከጎማው ገጽ ጋር እኩል ከሆኑ አልቋል ማለት ነው። ጎኑ ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮችም አንብቡ። 2319 ቢል በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ጎኑ የተሰነጣጠቀ ጎማ አትግዙ። ከውስጥ ብቻ የሚያልቅ ጎማ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚናገረው ስለ ሌላ ነገር ነው። የኔው የተቀደደው ቡሽ አላይመንቱን (የጎማዎቹን አቅጣጫና ዝንባሌ) አጥፍቶት ነበር። ክንዱ ተቀይሮ አላይመንት ስላልተሠራ አዲሱ ጎማም በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከውስጥ መበላት ጀምሮ አገኘነው። ክንድ፣ ቴስቲኒ (የመሪ መገጣጠሚያ) ወይም ቡሽ ከቀየራችሁ አላይመንቱን በዚያው ዕለት አሠሩት።

በአራት ጎማ የምትጎትት መኪና ላይ የድራይቭ ሻፍቱን (ኃይል ወደ ጎማ የሚያደርሰውን ዘንግ) መገጣጠሚያ የሚሸፍኑት ላስቲኮች አብዛኛውን ጊዜ ስምንት ናቸው፣ ከፊት ብቻ በምትጎትተው ላይ ግን አራት። አንዱ ከተቀደደ ግሪሱ ይረጫል፣ አሸዋ ይገባል፣ ምርመራም ይጥላል። ቶሎ ከተደረሰበት ላስቲኩን ብቻ መቀየር ይበቃል። ከቆየ ግን መሪ ሲዞር ቀጭ ቀጭ ማለት ይጀምራል፤ ያኔ ወጪው ሌላ ነው። ቸርኬው ውስጥ ጥቁር የግሪስ ፍንጣቂ ካያችሁ ምክንያቱ ይህ ነው።

ዝገቱ ከሁሉም ረጅም ጊዜ ፈጀ። የተበላው ብረት ተቆርጦ ወጥቶ አዲስ ተበየደበት። በስቱኮ የተለጠፈ ወይም በላዩ ላይ ቆርቆሮ የተቸነከረ ጥገና ከክንድና ከቀበቶ ማሰሪያ አጠገብ ከሆነ መርማሪ አይቀበለውም፤ ደግሞም አይገባውም። የፍሬኑ ብረት ቱቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተቀየረ። ልትገዙ ያላችሁት መኪና ሥሩ አዲስ ጥቁር ቅባት ካለው ሻጩን መቼና ለምን እንደተቀባ ጠይቁት። ከመቀባቱ በፊት የተነሳ ፎቶ ካለ ጥሩ። ከሌለ ማንሻ ላይ ሳትወጣ፣ ክሪክ የሚገባባቸው ቦታዎችና የክንዶቹ ማሰሪያዎች ሳይታዩ ቀብድ አትስጡ።

በጭሱ በኩል አልተቸገርኩም፣ ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ጭሱን የሚያጣራው ካታሊስት ሥራውን የሚጀምረው በደንብ ሲግል ነው። ሞተሩን እንደቆመ ከማሞቅ ይልቅ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ነድታችሁ ሂዱ፣ ተራ ስትጠብቁም ለረጅም ጊዜ አታጥፉት። ማርሚታው ላይ ቀዳዳ ካለ አስቀድማችሁ አስበይዱ።

ለሦስተኛው ምርመራ ስሄድ መኪናዋን አላሳጠብኩም፣ ማለቴ ላይዋን። ሥሯን ግን አጥቤያለሁ፤ ጭቃ የሸፈነውን ነገር መርማሪ ማየት ስለማይችል። የሆድ ዕቃዎቿን አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ። እኚያው መርማሪ ነበሩ። ሮለሩ ላይ ስትወጣ እስክሪኑን አብሬያቸው አየሁ። ግራ 2.3፣ ቀኝ 2.2። እሳቸው ምንም አላሉም፣ ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ቀጣዩ አለፉ። እኔ ግን እግሬ ሲንቀጠቀጥ ይታወቀኛል።

አለፈች። ወረቀቱ ላይ አንድ ማሳሰቢያ ብቻ ተጽፎ ነበር። የኋላ ጎማዎቹ ወደ ማለቂያው ተቃርበዋል፣ ለጊዜው ግን አይጥሉም። የፊቶቹም በዚያ አላይመንት ተበልተው ነበር። በአራት ጎማ የምትጎትት መኪና ላይ ደግሞ የፊትና የኋላ ጎማ ዙሪያ ከተለያየ ማስተላለፊያው ያለ ዕረፍት ይታገላል። ስለዚህ ሁለት ብቻ አልገዛሁም። በዚያው ሳምንት አራቱንም በአንድ ዓይነት ቀየርኩ።